ካርቶኑ ውስጥ ስላሉት ካሴቶች

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ከረሙልኝ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ካሴቶቹን በሙሉ ወደ ስልክ አስገብተን ካርቶኑን እንጣለው ያሉኝ በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ይህን ጻፍኩልዎ። በአጭሩ፦ አንድም ካሴት አይጣል፤ ሁሉንም መገልበጥ ግን አያስፈልግም።

ምክንያቱ ጊዜ ነው። ሲዲ በደቂቃዎች ወደ ኮምፒዩተር ይገባል፤ ካሴት ግን እየተጫወተ ነው የሚቀዳው። የ60 ደቂቃው 60 ደቂቃ፣ የ90ው 90 ደቂቃ ይፈጃል። 100 ባለ 60 ደቂቃ ካሴት ቢኖር ጽዳቱና ስም መስጠቱ ሳይቆጠር 100 ሰዓት ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በሦስት ይክፈሏቸው። አንደኛው ሌላ ቦታ ጭራሽ የማይገኘው ነው፦ የቤተሰብ ድምፅ፣ በካሴት የተላከ መልእክት፣ ከሬዲዮ የተቀዳ። ሁለተኛው ተገዝቶ ኢንተርኔት ላይ የሌለ ሙዚቃ። ሦስተኛው ኢንተርኔት ላይ ያለው። ለሦስተኛው አይድከሙ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአሮጌ ክር ከሚቀዳው የስልኩ ይጠራል። ብቻ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ ዘፋኞች የድሮ ዘፈናቸውን በአዲስ ቅንብር ደግመው ይጫወቱና በዚያው ርእስ ያወጡታል። የዘፈኑን ርዝመት ከካሴቱ ጋር ያስተያዩ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ከተለያየ ሌላ ቅጂ ሊሆን ይችላል፤ በጆሮዎ ያረጋግጡ።

አንደኛው ክፍል ላይ ያሉት፣ ቴፕ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት አንድ በአንድ ይታዩ። ክሩ ከሚታይበት በተቃራኒው ጠርዝ ላይ ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ፤ ሁለቱንም ሰብረው ያውጧቸው። ጥርሶቹ ከሌሉ የመቅጃው ቁልፍ አይጫንም፣ በስሕተት ላዩ ላይ ሌላ ነገር መቅዳትም አይቻልም። ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ካዩ ጨርሶ አያጫውቱት፤ ሻጋታው በቴፑ በኩል ወደ ሌሎቹ ይዛመታል። ለብቻው በፕላስቲክ ያኑሩልኝ።

ከዚያ ክሩ በሚወጣበት ክፍት መሐል ላይ ያለችውን ትንሽ የሱፍ ቁራጭ ይፈልጉ። በቀጭን የብረት ስፕሪንግ ላይ ተለጥፋ ክሩን «ሄድ» በሚባለው፣ ድምፁን ከክሩ በሚያነበው የቴፑ ክፍል ላይ የምትጫነው እሷ ናት። ሙጫዋ ሲደርቅ ትወድቃለች። ያን ጊዜ ድምፁ ይታፈናል፣ አንዴ ይመጣል አንዴ ይጠፋል፤ ሰው ደግሞ ካሴቱ አለቀለት ብሎ ይጥለዋል። ክሩ ግን ምንም አልሆነም። መላው ቀላል ነው፦ በብሎን የታሰረ ዋጋ የሌለው ካሴት ይፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ብሎን አለው፣ አራቱ በማእዘን አንዱ በመሐል። ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው የላይኛውን ግማሽ በዝግታ ያንሱ። ዘንጎቹን ከነክራቸው ከተጎዳው ካሴት ወደዚህኛው ያዛውሩ። ሁለቱ የጥግ መንኮራኩሮችና ክሩን የሚሸፍኑት ስስ ወረቀቶች እንዳይጠፉ። ብሎን የሌለውና በሙጫ የተዘጋውን ካሴት ግን በካቻቢቴ ለመፈልቀቅ አይሞክሩ፤ ለእኔ ይተዉት።

የተበጠሰ ክር ካለም ተራ የማሸጊያ ፕላስተር አይንካው። ሙጫው ውሎ አድሮ ይፈስና ከላዩ የተጠቀለለውን ክር ያጣብቀዋል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የክር መቀጠያ ፕላስተር አለ፤ የካሴት ክር ስፋቱ 3.81 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በዚያ ልክ የተቆረጠ ይፈለጋል። የ90 ደቂቃው ክር ውፍረት 12 ማይክሮን ገደማ ነው፤ የ120ው ወደ 9 ይወርዳል። ቴፕ ቶሎ የሚበላው የ120ውን የሆነው ለዚህ ነው፤ እየደጋገሙ ወደፊትና ወደኋላ አያስሩጡት።

አሁን ወደ ቴፑ። ሄዱንና ክሩን የምትስበውን ቀጭን የብረት ዘንግ በጥጥና ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ይጥረጉ። ጥጡ ላይ የሚወጣው ቡናማ ነገር ከክሮች የተፋቀ ቅንጣት ነው፤ ጥጡ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ይደጋግሙ። ጥቁሩን የጎማ መንኮራኩር ግን ጥቂት ሳሙና በነካው እርጥብ ጨርቅ ጠርገው ያድርቁት፤ አልኮል ሲበዛበት ጎማ ይደርቃል። ድምፁ የሚጎተት ወይም የሚወላገድ ከሆነ ጥፋቱ የካሴቱ ላይሆን ይችላል። ውስጥ ያለው የላስቲክ ቺንጋ በዕድሜ ይላላል፣ አንዳንዱም ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይሆናል። በዚህ ቴፕ የተቀዳ ሁሉ ተበላሽቶ ስለሚቀር ቺንጋው ሳይቀየር ምንም አይቀዳ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ጥፋት ደግሞ አለ። ሄዱ ከክሩ ጋር በትክክል ቀጥ ብሎ ካልገጠመ ቀጫጭን ድምፆች ይጠፋሉ፤ ሰው ከብርድ ልብስ ስር ሆኖ የሚናገር ይመስላል። በተለይ ቤት ውስጥ በሌላ ቴፕ የተቀዱት እንዲህ ይሆናሉ፣ ምክንያቱም የዚያ ቴፕ ሄድ የዘመመ ከነበረ ክሩም እንደዘመመ ተቀድቷል። ከሄዱ ጎን ስፕሪንግ ያለባት ብሎን አለች። ካሴቱ እየተጫወተ በጣም በትንሹ፣ ከሩብ ዙር ባነሰ፣ ወዲያና ወዲህ ስትዞር «ሰ»ና «ሸ» የሚጠሩበት ቦታ ይገኛል። እሱን ስመጣ አብረን እናደርገዋለን፤ የእርስዎ ጆሮ ከእኔ ይሻላል።

ለመቅዳት ቴፑ ጀርባ ላይ ለድምፅ መውጫ የተሠሩት ሁለት ክብ ቀዳዳዎች ከኮምፒዩተር ጋር ይገናኛሉ። የላፕቶፕ ነጠላ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ለማይክሮፎን ብቻ የተሠራ ስለሆነ ድምፁን ያዛባዋል፣ ሁለቱንም ጎን አንድ ያደርገዋል። ስለዚህ የመስመር መግቢያ ያላት ትንሽ የዩኤስቢ ድምፅ መቀበያ ይዤ እመጣለሁ። ፕሮግራሙ ኦዳሲቲ ይባላል፤ በነጻ ነው። 44,100 ሄርዝ (የሲዲ ልክ) ላይ እናስቀምጠውና ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ እንዲደርስ እናስተካክላለን። ዜሮ ላይ ከደረሰ የድምፁ ጫፍ ይቆረጣል፤ የተቆረጠ ደግሞ አይመለስም። ዝቅ ብሎ የተቀዳውን ግን በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ሽሽታውን፣ ማለትም ከጀርባ የሚሰማውን የ«ሽሽሽ» ድምፅ፣ በፕሮግራም ማጥፋት እንደሚቻል ሰምተው ይሆናል። እኔ ዋናውን ቅጂ አልነካውም፤ ከሽሽታው ጋር የሰውየው ትንፋሽም አብሮ ይሄዳል። ማጽዳት ካስፈለገ በሁለተኛ ቅጂ ይሁን።

መጠኑን በተመለከተ፣ ሳይታመቅ በሲዲ ጥራት አንድ ሰዓት 635 ሜጋባይት ገደማ ነው። ፍላክ የሚባለው የፋይል ዓይነት ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ መጠኑን ወደ ግማሽ ያወርደዋል፤ ለማኖር የምንጠቀመው እሱን ነው። ለስልክዎ በ320 ኪሎቢት ኤምፒ3 እሠራለሁ፤ ሰዓቱ 144 ሜጋባይት ነው። ባለ 64 ጊጋባይት ሚሞሪ ከ400 ሰዓት በላይ ይይዛል ማለት ነው። ዋናው በሦስት ቅጂ ይቀመጣል፦ አንዱ በእርስዎ ኮምፒዩተር፣ አንዱ በዲስክ፣ አንዱ እኔ ዘንድ።

ኢንተርኔት ላይ ያለውን ሙዚቃ በተመለከተ ደግሞ፣ በየወሩ የሚከፈለው ኪራይ መሆኑን ይወቁ። ስልኩ ላይ «ወርዷል» የሚለው ዘፈንም የተቆለፈ ነው፤ ክፍያው ሲቆም አይጫወትም። የባለመብቱ ውል ሲያልቅም ዘፈኑ ሳይነግሩዎ ይነሣል። በ160 ኪሎቢት አንድ ሰዓት 72 ሜጋባይት ይበላል፤ በዋይፋይ ብቻ እንዲያወርድ አድርገው ያዙሩት። አልበሙ ሲያልቅ ስልኩ በራሱ ምርጫ ሌላ ዘፈን ይቀጥላል። «ይህን ማን ጋበዘው?» ብለው እንዳይቆጡ አውቶፕሌይንና ዘፈን የሚያዘበራርቀውን ሸፍልን ያጥፉ፤ ያን ጊዜ እንደ ካሴቱ በተራው ይመጣል።

ሸክላዎቹን ለጊዜው አይንኩ። መርፌው ያረጀ ከሆነ ቦዩን ይፍቀዋል፣ ለማጉላትም የራሱ መሣሪያ ይፈልጋል። በቤት ኮምፒዩተር የተቀዱ ሲዲዎች ካሉ ግን ለብቻ ያውጧቸው፤ ቀለማቸው ስለሚደበዝዝ ከካሴቶቹም ቀድመው ሊበላሹ ይችላሉ።

አንድ ሥራ ግን ከእርስዎ በቀር የሚሠራው የለም። ኮምፒዩተሩ የሚቀዳውን «አንድ»፣ «ሁለት» ብሎ ነው የሚያስቀምጠው። ካሴቶቹ ላይ ተራ ቁጥር ይጻፉ፣ የሽፋኑን ሁለቱንም ገጽ በስልክ ያንሱ፣ በደብተር ላይም በቁጥሩ ትይዩ ማን እንደሚናገር፣ ማን እንደሚጫወት፣ መቼ እንደተቀዳ ያስፍሩ። ያላስታወሱትን ባዶ ይተዉት፤ ሲሰሙት ይመጣልዎታል።

እስከምመጣ ድረስ ከአንደኛው ክፍል የ60ው ስንት፣ የ90ው ስንት እንደሆነ ቆጥረው ይላኩልኝ፤ ዲስኩን በዚያ ልክ እገዛለሁ። የቴፑን ጀርባ አንድ ፎቶ ያንሱልኝ፣ ከቀዳዳዎቹ አጠገብ የተጻፈው በደንብ ይታይ።

ልጅዎ