ዋርፋሪን ካለ ልኬቱም ይኑር፦ ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴር

ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ በፋርማሲ መስኮት ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የማድል ባለሙያ ነኝ። ጉዳዬ አንድ ነው። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው የደሙን ልኬት፣ አይ ኤን አር የምንለውን፣ እዚያው በሚኖርበት አካባቢ ማወቅ ይቻለው። ይህ ቁጥር ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ ያሳያል፤ ከፍ ሲል ደሙ ይቀጥናል፣ ዝቅ ሲል ቶሎ ይረጋል። እኔ ጋ የሚመጡት ሰዎች መድኃኒቱን ቅርብ ያገኙታል። ለምርመራው ግን አውቶቡስ ተሳፍረው፣ አልጋ ይዘው አድረው ነው የሚመለሱት። ገንዘብ ሲያጥር የሚቀረው ምርመራው ነው፤ መድኃኒቱ ይቀጥላል።

ደም ማቅጠኛ ሲባል ብዙ ሰው ሽማግሌ ይታየዋል። እኛ አገር ወጣቶቹ ብዙ ናቸው። በልጅነት በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም መዘዙ ልብ ላይ ይወጣና የልቡን በር፣ ቫልቩን፣ ያበላሻል፤ ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። ቫልቩ በሜካኒካል ቫልቭ ከተተካ ዋርፋሪን የዕድሜ ልክ ነው። የልብ ምታቸው የተዛባና እግራቸው ላይ ደም የረጋባቸውም አሉ።

ዋርፋሪን የሚሠራው ጉበት ላይ ነው። ጉበት በቫይታሚን ኬ እየታገዘ ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን ይሠራል፤ መድኃኒቱ ይህን ሥራ ያዳክማል። ሲያንስ ደሙ ቫልቩ ላይ ይረጋል፣ ተነቅሎም አንጎል ገብቶ ስትሮክ ያመጣል። ሲበዛ ደግሞ ያደማል። ለአብዛኛው ሰው አይ ኤን አሩ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ሚትራል በሚባለው ቦታ ሜካኒካል ቫልቭ ለገባለት ከ2.5 እስከ 3.5 ይፈለጋል። ለአንዱ ግማሽ ፍሬ የሚበቃው መድኃኒት ለሌላው ሁለት ፍሬ ሊያስፈልግ ይችላል። ይህን ፊት አይቶ የሚያውቅ ሐኪም የለም። መለካት ብቻ ነው።

አንዲት ደንበኛዬ በፌስታል ሙሉ የመድኃኒት ፖስታ ይዛ መጣች። አንዱ ላይ «½» ተጽፏል። ሌላው ላይ «ግማሽና ሩብ»። ቀን የለውም፣ ሚሊግራሙም የለም። ውስጡ በምላጭ የተቆረጠ የዋርፋሪን ፍርፋሪ አለ። የመጨረሻው የአይ ኤን አር ወረቀቷ የክረምት ነው፤ ጊዜው ደግሞ ጥምቀት አልፎ ነበር። «ዶክተር፣ የቱን ልቀጥል?» አለችኝ። ስትናገር ድዷ ላይ ደም አየሁ። ስጠይቃት አንድ ክሊኒክ ለአሜባ ሜትሮኒዳዞል አዞላት ጀምራዋለች። ዋርፋሪን እንደምትወስድ የጠየቃትም የለም፣ እሷም መናገር እንዳለባት የነገራት የለም። ሜትሮኒዳዞል የዋርፋሪንን ኃይል ይጨምራል። ወደ ሆስፒታል ላክኋት፤ ልኬቷ ከሚፈለገው እጅግ አልፎ ተገኘ። ደግነቱ ተረፈች።

አሜባ በየቤቱ ባለበት አገር ይህ ነገር በየቀኑ ሊደርስ የሚችል ነው። ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው ፀረ ባክቴሪያም እንደዚያው ያደርጋል። የቲቢው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው የዋርፋሪንን ጉልበት ይሰብራል፤ ሲቆም ደግሞ ልኬቱ ተመልሶ ይወጣል። ለወገብ ሕመም የምትወጋው ዲክሎፌናክ በሁለት በኩል ትጎዳለች፦ መድኃኒቱ ለመድማት ያጋልጣል፣ መርፌው ራሱ ጡንቻ ውስጥ ደም ያቋጥራል።

የጾሙንም ነገር አንሱልን። ሰዎች «ጎመን እንዳትበላ» ተብለው ይላካሉ፤ በሁዳዴ ሌላ ምን ይብሉ? ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነው፤ ሲበዛ ልኬቱ ይወርዳል። ፋሲካ ደርሶ ጎመኑ ከገበታው ሲጠፋ ደግሞ ይወጣል። ትክክለኛው ምክር መጠኑን አታለዋውጡ ነው፤ ጾም ሲገባና ሲፈታ ደግሞ ተለኩ። ግን የት ሄደው ይለኩ?

የሴቶቹ ነገር ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ዋርፋሪን በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። እናቲቱ ፈርታ በራሷ ካቆመችው ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል። ስለዚህ ከማርገዟ በፊት ከልብ ሐኪሟ ጋር መመካከር፣ ካረገዘችም ወዲያው መታየት አለባት። ሐኪሙ እንደ ሁኔታዋ ለጊዜው ሄፓሪን ወደሚባል ሌላ የደም ማቅጠኛ መርፌ ሊቀይርላት ይችላል። ይህን በቤተሰብ ምጣኔ ክፍል የሚነግራት ሰው ይኑር።

«ምርመራ የማይፈልጉ አዳዲስ መድኃኒቶች መጥተዋል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ እነሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን ለብዙ ሕመምተኞች ጥሩ ናቸው። ሜካኒካል ቫልቭ ላለው ግን አይሆኑም። ከአዳዲሶቹ አንዱ የሆነው ዳቢጋትራን በእነሱ ላይ ተሞክሮ ጉዳቱ ስላመዘነ ጥናቱ ተቋርጧል፤ ውጤቱም በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ትልቅ ጥናት ደግሞ በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ምታቸው ለተዛባ ሰዎች እነዋርፋሪን ከሪቫሮክሳባን እንደሚሻሉ አሳይቷል። የኛ አገር ሕመምተኛ በብዛት ከእነዚህ ከሁለቱ ወገን ነው። ከዋርፋሪን ጋር ገና ብዙ ዓመት እንኖራለን።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ስኳር ከጣት ጠብታ እንደሚለካ ሁሉ አይ ኤን አርንም የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አለ። ዋርፋሪን የሚታደልበት ሆስፒታል ሁሉ፣ የመጀመሪያ ደረጃውም ጭምር፣ አንድ ይኑረው። የደሙ ጠብታ የሚያርፍበት ስትሪፕም ከመሣሪያው ጋር አብሮ በመድኃኒት ግዢ ዕቅድ ውስጥ ይግባ፤ ስትሪፕ ያለቀበት መሣሪያ ሼልፍ ላይ ከመቀመጥ ሌላ ጥቅም የለውም። ውጤቱን አይቶ መጠን የሚያስተካክል የሠለጠነ ነርስ ወይም ፋርማሲስት ይመደብ፤ ከበድ ያለው በስልክ ለልብ ሐኪም ይድረስ።

ሌላው ደብተር ነው። እንግሊዝ አገር ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ቢጫ ደብተር ይይዛል፤ ልኬቱ፣ መጠኑና ቀጠሮው ይጻፍበታል። የኛም ሰው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሚያነበው ቋንቋ ይሰጠው። መጠኑ በፍሬ ብቻ ሳይሆን በሚሊግራም ይጻፍ፤ አቅራቢ ሲቀየር የፍሬው ቀለምና ጥንካሬ ይለወጣልና። የረሳውን በዚያው ቀን ካስታወሰ ይውሰድ፣ በማግስቱ ግን ደርቦ አይዋጥ የሚል ይኑርበት። ሰገራ ሲጠቁር፣ ሽንት ሲቀላ፣ ነስር አልቆም ሲል፣ ጭንቅላት ሲመታ ወይም ድንገት ከባድ ራስ ምታት ሲመጣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል መሄድ እንዳለበትም በትልቅ ፊደል ይጻፍ።

የዋርፋሪን ማርከሻው ቫይታሚን ኬ ነው። ለአራስ ሕፃናት ስለሚወጋ በየማዋለጃ ክፍሉ የሚታወቅ መድኃኒት ነው። ድንገተኛ ክፍል ያሉ ባልደረቦቼም ለዋርፋሪን ሕመምተኛ መቼና ስንት እንደሚሰጥ በጽሑፍ መመሪያ ይድረሳቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፋርማሲ ባለሙያ