ወለሉን ከመፈንቀላችሁ በፊት አስመርምሩት

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ወር እዚህ ሜሪላንድ አንድ ወዳጃችን አሮጌ ቤት ገዛና ቅዳሜ በደቦ ልናድስለት ተሰባሰብን። ላይ ቤት ቡና ይፈላል፣ ልጆች በደረጃው ይሯሯጣሉ። ቤዝመንት ስወርድ ሁለት ወጣቶች ወለሉን በመፋቂያ ይፈነቅላሉ፤ ጎናቸው 9 ኢንች የሆነ ንጣፎች፣ ከሥራቸው ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ሙጫ። በቤት እድሳት 16 ዓመት ሠርቻለሁና ሳየው ክው አልኩ፤ እንዲህ ያለ አሮጌ ንጣፍና ሙጫ ውስጥ አስቤስቶስ የሚባለው ቃጫማ ማዕድን ሊኖር ይችላል። «በእግዚአብሔር፣ ተዉት!» አልኳቸው።

«ሰው ይህን ሁሉ ዓመት ኖሮበት የለም እንዴ?» አለኝ ባለቤቱ። ኖሮበታል፤ ግን አልፈነቀለውም። አስቤስቶስ ሳይነካና ሳይሰበር ከተቀመጠ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ሲፋቅና ሲቆረጥ ግን በዓይን የማይታይ ቃጫ ይበንናል። ሳንባ ውስጥ የተሰገሰገውን ቃጫ ሰውነት አያሟሟውም። ያን ቀን ማንም አያስልም፣ ማንንም አያመውም፤ የሚያዘናጋንም ይኸው ነው። የሳንባ መጠጠር፣ የሳንባ ካንሰር፣ ሜሶቴሊዮማ የሚባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ብቅ የሚሉት ከ20፣ ከ30፣ አንዳንዴም ከ40 ዓመት በኋላ ነው። አጫሽ ከሆነ ደግሞ የሳንባ ካንሰሩ ስጋት እጅግ ይብሳል። አቧራ የጠጣ የሥራ ልብስ ቤት ሲገባ ቃጫው ልጆችም ዘንድ ይደርሳል።

ብዙዎቻችን «አሜሪካ ድሮ ከልክላዋለች» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውን እገዳ በ1991 ፍርድ ቤት አብዛኛውን ሽሮታል፤ ክሪሶታይል የተባለው ዓይነት የታገደው ገና በ2024 ነው። እገዳ ደግሞ ቀድሞ የተሠራውን ቤት አያጸዳም። ከ1980 በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ የቦይለሩን ቱቦ መጠቅለያ፣ ፈንዲሻ የመሰለውን የኮርኒስ ልባስ፣ ጣሪያ ሥር ሙቀት እንዲይዝ የተነሰነሰውን ቨርሚኩላይት የሚባል ጠጠር መሰል ማዕድን ጠርጥሩ። ቨርሚኩላይቱ አብዛኛው የወጣው ሞንታና ውስጥ ሊቢ ከምትባል ከተማ፣ በአስቤስቶስ ከተበከለ ማዕድን ነው። አስቤስቶስ በዓይን አይለይም፤ ላቦራቶሪ ነው የሚያውቀው። ተራ የቤት ቫኪዩም ደግሞ ቃጫውን መልሶ ይበትነዋልና አደራ!

የዚያ ቤት ናሙና ውጤት መጣ፤ አስቤስቶስ አለበት። የተሰባበረውን ፈቃድ ያላቸው ሠራተኞች አነሱት፤ ደህና የቀረው ሳይነካ አዲስ ወለል ተነጠፈበት። ሁለቱ ወጣቶች ግን ያን ጠዋት ያለ ጭምብል ነበሩ፤ አንጀቴን የሚበላኝ እሱ ነው።

ጋዜጣችሁ የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ሲያወጣ ቤቱ የተሠራበትን ዓመት አብሮ ቢያወጣልን እለምናለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ