የድጋፍ ሪፖርት ለምትጽፊው ልጄ

ሚሚዬ የኔ ቆንጆ እንዴት ነሽ፣ እኛ ደህና ነን፣ እናትሽን ብቻ ጉልበቷን ትንሽ አሟታል። ትናንት ስልክ ላይ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ የልቤን ሳልነግርሽ ቀረሁ፣ ለዛ ነው በቴሌግራም የምጽፍልሽ፣ ረዘመ እንዳትይ ሻይሽን ይዘሽ አንብቢው።

ብስኩት ፋብሪካው ኤች አር (የሰው ኃይል ክፍል) አድርጎ ቀጠረሽና ገና በመጀመሪያው ወር "ለሠራተኞቻችንና ለአካባቢው ማህበረሰብ ያደረግነው ድጋፍ" የሚል ሪፖርት አዘጋጂ ተባልሽ አይደል? የዘረዘርሽልኝን ስሰማ እውነቴን ነው ሳቄ መጣ። ጡረታ፣ የወሊድ ፈቃድ፣ ለተማሪዎች ሎጎ ያለበት ቦርሳ። ልጄ ጡረታው እኮ ህግ ነው! አሰሪው 11 ፐርሰንት ሠራተኛው 7 ፐርሰንት፣ ወዶ አይደለም የሚከፍለው። የወሊዱም ከመውለዷ በፊት 30 ከወለደች በኋላ 90 ቀን ተብሎ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 ላይ ተጽፏል። ይሄን ድጋፍ ካልሽው እኔም ለባለሱቁ ዱቤዬን ስለከፈልኩ ረዳሁት ልበል።

ወንጂ አጎቴ ጋ ክረምት ክረምት እሄድ እንደነበር ነግሬሻለሁ መሰለኝ። የስኳር ፋብሪካውን ያቆሙት ሆላንዶች ናቸው፣ ኤች ቪ ኤ የሚባል ኩባንያ፣ ኢንዶኔዥያ ላይ እርሻ የነበራቸው ናቸው፣ ወደኛ መጡና ወንጂን በ1946 እዛው አጠገቡ ሸዋ የሚባለውን ሁለተኛ ፋብሪካ ደግሞ በ1955 ከፈቱ። እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ ስሄድ ገነት ነበር የሚመስለኝ፣ የሠራተኛ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ ኪስ ሙሉ ደስታ ከረሜላ፣ በቃ ሌላ ምን እፈልጋለሁ። አንድ ቀን ለአጎቴ ፈረንጆቹ እንዴት ጥሩ ሰዎች ናቸው አልኩት፣ እሱ ግን ቆጣ ብሎ "ማን ሰጠን አለህ? ጠይቀን ነው" አለኝ። ያኔ አልገባኝም። በኋላ እኔም የሠራተኛ ማህበር ውስጥ ስገባ ነው የገባኝ፣ በ1955 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማህበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነው አብርሃም መኮንን ከዚያው ከወንጂ ሠራተኞች ማህበር የመጣ ሰው ነው። ከከምባታ ከሀዲያ ከወላይታ መጥቶ ሸንኮራ የሚቆርጠው ሰውዬ ደግሞ የቢሮ ሠራተኛው የሚያገኘውን ሁሉ ያገኝ ነበር ማለት አይደለም፣ ሜዳው ላይ ከብት ያሰማሩ የነበሩት ጂሌ ኦሮሞዎችም ከመሬታቸው ተነስተዋል። ማህበረሰብ ስትይ እነሱንም ነው።

የውሃውንም ነገር ልንገርሽ ምክንያቱም ለስራሽ ይጠቅምሻል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ ተፈጥሮው ነው፣ ማንም አልጨመረበትም፣ ልጅ ሆነው የጠጡት ጥርሳቸው ይበልዛል ዓመታት ሲቆይ ደግሞ አጥንት ገብቶ ወገብ ያደርቃል። ወንጂ ላይ ይሄ ታይቶ ፍሎራይዱን የሚያጣራ መሣሪያ በ1950ዎቹ ተተክሏል፣ ስንት ሐኪም አጥንቶበታል መሰለሽ። ቤቱም ትምህርት ቤቱም ተሠርቶ የሚጠጣው ውሃ ግን እንዲህ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ አንቺም መጀመሪያ የምታይው ሠራተኛውና ሰፈሩ የሚጠጣውን ውሃ ይሁን፣ ከፋብሪካው የሚወጣው ፍሳሽም ወዴት እንደሚሄድ ቱቦውን ተከትለሽ በእግርሽ ሂጂ እንጂ ከኢንጂነሩ ብቻ አትስሚ።

እኔ የሠራሁበት ዱቄት ፋብሪካ (ስሙን ተዪው) ማስክ ስጡን ብለን ሁለት ዓመት ደብዳቤ ጻፍን፣ ጸሐፊው እኔ ስለነበርኩ ቁጥሩን አውቀዋለሁ፣ 7 ደብዳቤ። በዛው ዓመት ለሰፈሩ ልጆች ኳስና ማሊያ በማርሽ ባንድ ታድሎ ሥራ አስኪያጁ ፎቶ ተነሳ፣ እኛ ደግሞ ነጭ ሆነን እያሳልን አጨበጨብን። ኳሱን ጠልቼ አይደለም፣ ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል። ማስኩ ግን ከማሊያው ይረክስ ነበር።

እና ሚሚዬ ሪፖርቱን ከመጻፍሽ በፊት አንድ ሳምንት ዙሪ። ማሸጊያ ክፍል ያሉትን ሴቶች ማታ ሺፍት ላይ ሄደሽ አናግሪያቸው፣ ሰርቪሱ ከለሊቱ ስንት ሰዓት ላይ የት ነው የሚያወርዳቸው፣ ቤት ድረስ ነው ወይስ አስፋልት ዳር? ከወለዱ በኋላ ሲመለሱ ልጁን ማን ይይዝላቸዋል? ስንቱ ቋሚ ነው ስንቱ በኤጀንሲ ነው፣ በኤጀንሲ ያሉት እኮ አጠገብ ለአጠገብ ቆመው አንድ ስራ እየሠሩ ክሊኒክ ሲሄዱ እናንተ የኛ አይደላችሁም የሚባሉበት ቦታ አለ። የግል ድርጅት ላይ ዝቅተኛ ደሞዝ እስካሁን በህግ አልተወሰነም፣ ስለዚህ አለቃሽ ከህግ በላይ አደረግን ማለት ከፈለገ እዛ ላይ ሰፊ ቦታ አለው። ስንዴውንስ ከማን ነው የምትገዙት፣ ከዛው አካባቢ ገበሬ ከሆነ ብሩ በስንት ቀን ይደርሰዋል? ሦስት ወር የሚያስጠብቁት ከሆነ ለልጁ ቦርሳ መስጠቱ ምን ያደርግለታል፣ ደብተር የሚገዛው በዛ ብር ነው።

ከአለቃሽ ጋር ተጣዪ አላልኩሽም ደግሞ፣ ገና ሙከራ ላይ ነሽ። ለህግ የተደረገውን በአንድ ገጽ ለብቻው፣ በፈቃድ የተደረገውን በሌላ ገጽ ለብቻው ጽፈሽ አስረክቢ፣ ሁለተኛው ገጽ ካጠረ ራሱ ይናገራል። ቦርሳውንም እዛው ጻፊው፣ ተሰጥቷል አይደል።

እናትሽ ሽሮና በሶ በእሁድ መኪና ትልክልሻለች፣ ስትቀበይ ደውዪ። ደግሞ ተሰባሪውን ብስኩት ለሠራተኛ በቅናሽ ይሸጣሉ ወይ ብለህ ጠይቅልኝ ብላኛለች፣ ጎረቤት ሁሉ ይዘምርላቸዋል ትላለች።

አባትሽ