ቁጣን ማብረድና መግባባትን ማስተማር ለየቅል ናቸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ኦቲዝም ላለበት ልጅ ሪስፔሪዶን የተባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሲታዘዝ ብዙ ወላጆች «አሁን ከሰው ጋር ይግባባል» ብለው ይጠብቃሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሪስፔሪዶንን በ2006፣ መሰሉን አሪፒፕራዞልን በ2009 እ.ኤ.አ. የፈቀደው ግን ለብስጭት ነው፤ ራስን ለመምታት፣ ሌላውን ለመንከስ፣ ድንገት ለሚገነፍል ቁጣ። ለማኅበራዊ ግንኙነት ችግሩ የፈቀደው መድኃኒት የለም።

የሰው ፊት አይቶ ሐሳቡን መረዳት የአንድ የአንጎል ክፍል ሥራ አይደለም። ፊትን የሚለየው፣ ስሜትን የሚመዝነው አሚግዳላ፣ የዓይንን አቅጣጫ የሚከታተለውና የሌላውን ሐሳብ የሚገምተው ክፍል በቅጽበት መናበብ አለባቸው። ሪስፔሪዶን በዋናነት የዶፓሚንና የሴሮቶኒን መቀበያዎችን ይዘጋል። ቁጣ ይበርዳል፣ ያ መናበብ ግን በዚህ አይመጣም።

ብዙ ተስፋ የተጣለበት በአፍንጫ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞንም አልሠራም። በ2021 ውጤቱ በወጣው ጥናት 290 ልጆችና ወጣቶች ለ24 ሳምንታት ተከታትለው ከማስመሰያው (መድኃኒት ከሌለበት ተመሳሳይ ርጭት) የተሻለ ለውጥ አልታየም። በእንዲህ ያሉ ጥናቶች ማስመሰያ የተሰጣቸው ልጆች ወላጆችም «ተሻለው» ይላሉ፤ ስለዚህ የአንድ ቤተሰብ ምስክርነት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ጥርስ፣ ጆሮ፣ የሆድ ድርቀትና እንቅልፍ ይታዩ። መናገር የማይችል ልጅ ጭንቅላቱን የሚመታው ጆሮውን አሞት ሊሆን ይችላል። ከዚያ አንድ ባሕርይ ብቻ ይመረጥ፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከሰት ለሁለት ሳምንት ይመዝገብ። ያለዚህ መዝገብ መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ የሚታወቅበት መንገድ የለም። የሪስፔሪዶን መነሻ መጠን ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ በቀን 0.25 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ 0.5 ነው፤ የሚጨምረውም ሐኪሙ ብቻ ነው።

ክብደት፣ የወገብ ልክ፣ በባዶ ሆድ የደም ስኳርና የደም ቅባት መጀመሪያ ላይ ይለኩ፤ ከዚያም በየጊዜው ይደገሙ። በ2002 በወጣው ጥናት ሪስፔሪዶን የወሰዱት ልጆች በ8 ሳምንት በአማካይ 2.7 ኪሎ ጨመሩ፤ ማስመሰያ የወሰዱት 0.8። መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥም አደጋ አለው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ መድኃኒቱ የሚያመጣው ድብታ ነው። ደንዝዞ የተቀመጠ ልጅ «ረጋ አለ» ይባላል፣ መጠኑም ሳይታይ ይቀጥላል። መግባባት የሚገኘው በንግግር ሕክምና፣ በሥዕል ካርድና ከእኩዮች ጋር በመጫወት ነው፤ ለዚህ ሁሉ ልጁ መንቃት አለበት። ድብታው በትምህርቱ ሰዓት ላይ ከወደቀ፣ መድኃኒቱ ወደ ማታ እንዲዛወር ወይም መጠኑ እንዲቀነስ ሐኪሙን ይጠይቁ።