የአበባ ክበባችን ዘንድሮ

«አበባ አይበላም፤ ለምን ጎመን አትተክሉም?» የሚለውን ጥያቄ ዘንድሮም ከወላጅም ከባልደረባም ሰምተናል። ጎመኑን የጓሮ አትክልት ክበቡ በሚገባ ይዞታል። የእኛ ሥራ ተማሪው በመጽሐፍ በሥዕል ብቻ የሚያየውን የአንድ ተክል ሕይወት ከዘር እስከ ዘር በእጁ ይዞ እንዲከታተለው ማድረግ ነው። በአንድ የትምህርት ዘመን ይህን የሚያሳዩን በቅለው፣ አብበውና ዘር ሰጥተው የሚያልፉት ዓመታዊ አበቦች ናቸው።

ምዝገባው፣ የአመራር ምርጫውና የዓርብ ስብሰባዎቹ እንደ ወትሮው ተካሂደዋል። ዚኒያ፣ ማሪጎልድ፣ ኮስሞስ፣ ካሌንዱላና ፔቱኒያ ዘርተናል። የፔቱኒያ ዘር ከትቢያ አይለይም፤ ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አይለብስም፤ እርጥብ አፈር ላይ በትኖ በስሱ መጫን ይበቃል።

በጥቅምት መጀመሪያ ከትምህርት ቤቱ በላይ ወዳለው ሜዳ ወጣን፤ አደይ አበባ ገና አላለቀም ነበር። ከብት እየጠበቀ ያደገ፣ በክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አንዲት አደይ ቀጥፎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። መካከሏን በእሾህ ጫፍ እየፈለቀቀ ጥቃቅኖቹን ቱቦዎች አንድ በአንድ መዳፉ ላይ ደረደራቸው። ከእያንዳንዱ ሥር ገና ያልበሰለ ዘር አለ። ቀና ብሎ «መምህር፣ ይህች እኮ አንድ አበባ አይደለችም፤ መንደር ናት» አለኝ። ማንም አልነገረውም! ወደ ግቢ እንደተመለስን በአጥሩ ጥግ የነበረውን የሱፍ አበባ ፈተሸ፤ ያው ነው፤ እያንዳንዱ ቱቦ ራሱን የቻለ ትንሽ አበባ ነው። አደይ የአገራችን፣ ኮስሞስና ዚኒያ የሜክሲኮ ሲሆኑ ሁሉም ከሱፍ ጋር የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት መሆናቸውን ያስተማርኩት እዚያው ቆሜ ነው። ያ ልጅ ዛሬ ለአምስተኛ ክፍሎች የሚያስረዳ የክበቡ ጸሐፊ ነው።

በኅዳር ማለቂያ ውርጭ ዚኒያውንና ማሪጎልዱን በአንድ ሌሊት አጠቆራቸው፤ ብርድ የሚችለው ካሌንዱላ ተረፈ። የካቲት ላይ እንደገና ዘራን። በሚያዝያ መጨረሻ ከበሩ እስከ ባንዲራው ያለው መንገድ ብርቱካንማና ቀይ ሆኖ ሁላችሁም አይታችሁታል፤ ብዙዎቻችሁም ፎቶግራፍ ተነሥታችሁበታል።

ያንን ያጠጡት ልጆቹ ናቸው። ቧንቧው ሲደርቅ ከየቤታቸው በሃይላንድ ውኃ ይዘው መጥተዋል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከደብተሩ ጋር ውኃ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ እያዩ «በጀት የለም» የሚለውን መልስ መቀበል ይከብዳል። ክረምቱን ሙሉ ከጣሪያችን የሚወርደው ውኃ ሁሉ ወደ ቦይ ይፈስሳል። የምንጠይቀው አንድ ሮቶ፣ አሸንዳ እና ፍየል የማያሳልፍ የአጥር ሽቦ ነው።

ዘር አንጠይቅም። በእሽግ የሚሸጠው ውድ ነው፤ ዲቃላ ከሆነ ደግሞ ከእርሱ የሚለቀመው ዘር እናቱን አይመስልም። ዲቃላ ካልሆኑት ግን የአበባቸው ራስ በተክሉ ላይ እስኪደርቅ ጠብቀን፣ ዘሩን ከሰኔ ዝናብ በፊት ለቅመን፣ በጥላ አድርቀን በወረቀት ፖስታ አስቀምጠናል፤ ላስቲክ እርጥበት ይዞ ያሻግተዋል። ፖስታዎቹ በባዮሎጂ ክፍል ይገኛሉ። በወላጆች ቀን እንሸጣቸዋለን፤ ገንዘቡም ለሮቶው መግዣ ይውላል።