«ቤቴን ልትሸጥብኝ ነው?»

ውድ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብህ። እናትህ ባረፉ ጊዜ እንኳ ደውዬ አላጽናናሁህም። ከዚያ በኋላ በምን ፊቴ ልደውል እያልኩ ጊዜው ነጎደ። ነፍሳቸውን ይማር፣ ይቅር በለኝ።

ፎቶዎችህን ኢንተርኔት ላይ ልትሸጥ እንደሆነ ስሰማ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ አንድ የድንጋይ ቤት አንስቼ ነበር። ጣሪያው ሣር ነው። ደጃፉ ላይ አንዲት እናት ገብስ ያሰጣሉ። ካነሳኋቸው ሁሉ አብልጬ የምወዳት ፎቶ ናት። ፎቶ መሸጫው ላይ ስጭናት ተመለሰች። የቤቱ ባለቤት ፈቃድ የለም፣ የሴትዮዋም ፈቃድ የለም ተባልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቶው ለዜና፣ ለመጽሔት ወይም ለመማሪያ መጽሐፍ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ያለ ፈቃድ ወረቀት ይቀበሉታል። ለማስታወቂያ ሲሆን ግን፣ ቤቱ ተለይቶ የሚታወቅ ከሆነ ባለቤቱ እንዲፈርም ይጠይቃሉ። ፎቶው ያንተ ነው፤ ቤቱ ግን የሰው ነው። የኤፍል ማማን እንኳ ብትወስድ፣ እ.ኤ.አ. በ1889 የተሠራ ስለሆነ የሠሪው የፈጠራ መብት ጊዜው አልፏል፤ የቀኑን ፎቶ ትሸጣለህ። የማታው መብራት ግን ራሱን የቻለ የፈጠራ ሥራ ነው ስለሚባል ለንግድ ሲሆን ፈቃድ ይጠየቅበታል።

ለዜና ብዬ ላሳልፋት አስቤ ነበር። የእኛ ሕግ ትዝ አለኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። አንቀጽ 28 በአደባባይ ለሆነ ነገር ይፈቅዳል፤ በገዛ ደጃፋቸው ገብስ የሚያሰጡ እናት ግን አደባባይ አልወጡም።

ተመልሼ ሄድኩ። ቅጹ በእንግሊዝኛ ስለነበር በአማርኛ ጽፌ አነበብኩላቸው። «ሽያጭ» የሚለው ላይ ስደርስ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ቤቴን ልትሸጥብኝ ነው?»

ክው አልኩ። ቤት፣ ሽያጭ፣ የጣት አሻራ። ሌላ ምን ያስቡ? እንደገና ከሥሩ ጀመርኩ። የሚሸጠው ፎቶው ነው፣ ቤቱም ይዞታውም አይነካም አልኳቸው። ፎቶው አንድ ቀን በማያውቁት አገር የሳሙና ማስታወቂያ ላይ ሊወጣ እንደሚችልም ነገርኳቸው። ይኼኛው ከበደኝ፣ እንቢ ሊያስብላቸው ይችላላ። ሳይነግሩ ያስፈረሙት ግን ፈቃድ አይባልም።

ቤቱ የሟች ባላቸውም ስለነበር ልጆቻቸው እስኪመጡ ጠበቅን። እሳቸው አሻራቸውን አሳረፉ፣ ሁለቱ ልጆች ፈረሙ፣ ጎረቤት ምስክር ሆነ፣ ቀኑን ጻፍንበት። ገንዘብ ልስጥ ብል «ምን ሲደረግ!» አሉኝ። የፈለጉት ፎቶዋን አሳጥቤ እንዳመጣላቸው ብቻ ነው። አሁን ከባላቸው ፎቶ ጎን ተሰቅላለች።

የአማርኛውን ቅጽ በቴሌግራም እልክልሃለሁ። አንድ ነገር ግን ንገረኝ። ያኔ አንኮበር ሄደን አጥር ላይ ተንጠልጥለህ ያነሳሃት ሰማያዊ በር ያላት ቤት የማን ናት? ለጥምቀት ከመጣህ አብረን ሄደን እንጠይቅ። እስከዚያ እሷን አትጫናት።

ወንድምህ፣ ከደብረ ብርሃን