ዶላሩን ሳይሆን ቅምቡላውን ቁጠሩልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ዩክሬን ጦርነት በምታወጡት ዜና አንድ የቆየ ልማድ አለ። ርዕሱ «አሜሪካ ለዩክሬን የ1 ቢሊዮን ዶላር ድጋፍ ሰጠች» ይላል። ከሥሩ የባለሥልጣናት ንግግር ይከተላል፤ ምን መሣሪያ፣ ስንት፣ መቼ የሚደርስ የሚለው ግን አይገኝም። ወር ሳይሞላው ደግሞ «የዩክሬን ጦር ጥይት አጠረው» ትላላችሁ። አንባቢ ያ ሁሉ ቢሊዮን የት ገባ ብሎ ይገረማል፤ ወሬውም ወዲያው ወደ ሌብነት ይዞራል። ሌብነት በየትኛውም ጦርነት አይጠፋም። የዚህኛው ጥያቄ መልስ ግን በአብዛኛው ያለው በመጋዘን፣ በፋብሪካና በመድፉ አፈሙዝ ውስጥ ነው። (ዓ.ም. ካላልን በቀር ዓመቱን የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በጁን 2023 ለዩክሬን የሰጠውን መሣሪያ በ6.2 ቢሊዮን ዶላር አስበልጦ መቁጠሩን አስታወቀ። ከመጋዘን ያወጣውን አሮጌ መሣሪያ በመዝገብ ባለው ዋጋ መተመን ሲገባው፣ ምትኩን አዲስ ለመግዛት በሚጠየቀው ዋጋ ተምኖት ነበር። ልዩነቱ ለቀጣይ ጭነት መፍቀጃ ሆነ እንጂ፣ በዚያ ዕለት ግንባር ላይ አንዲት ቅምቡላ አልጨመረችም፤ አንዲትም አልጎደለች።

በኤፕሪል 24 ቀን 2024 የተፈረመውን ሕግም እናንተን ጨምሮ ሁሉም «61 ቢሊዮን ዶላር ለዩክሬን» ብሎ ጻፈው። ከዚያ ውስጥ 23 ቢሊዮን ገደማው አሜሪካ የራሷን መጋዘን መልሳ የምትሞላበት ነው። 14 ቢሊዮን ገደማው ደግሞ ለኩባንያዎች በውል የሚታዘዝ፣ ወራት አንዳንዴም ዓመታት የሚያስጠብቅ ሥራ ነው። በቀናትና በሳምንታት ግንባር ሊደርስ የሚችለው ከመጋዘን ተነስቶ የሚላከው ብቻ ነው፤ ሕጉ በተፈረመበት ቀን የታወጀው የዚህ ዓይነት ጭነት 1 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ዋይት ሐውስ ገንዘቡን የጠየቀው በኦክቶበር 2023 ነው። ምክር ቤቱ ሲከራከር የምሥራቅ ዩክሬኗ ከተማ አቭዲቭካ በፌብሩዋሪ 17 ቀን 2024 በሩሲያ እጅ ወደቀች። በአውሮፓ ያለውን የአሜሪካ ጦር ያዝዙ የነበሩት ጄኔራል ክሪስቶፈር ካቮሊ በኤፕሪል ለምክር ቤቱ ሲመሰክሩ፣ ሩሲያ አምስት ስትተኩስ ዩክሬን የምትመልሰው አንድ ነው፣ ድጋፉ ካልመጣ በሳምንታት ውስጥ አሥር ለአንድ ይሆናል ብለው ነበር።

አንዳንዱ ድጋፍ ደግሞ በዶላር አይገለጽም። በማርች 2025 አሜሪካ የስለላ መረጃ መስጠቷን ለአንድ ሳምንት ገደማ አቋርጣ፣ ከጅዳው ድርድር በኋላ ቀጠለች። መረጃ ሲቋረጥ ከመጋዘን የሚጎድል ዕቃ የለም፤ ሩቅ የሚመታ ሮኬት ግን ዒላማውን የሚነግረው ካጣ ተራ ብረት ነው።

ወደ መድፉ እንምጣ። የ155 ሚሊ ሜትር መድፍ አንዴ ለመተኮስ የሚያስፈልገው አንድ ዕቃ ሳይሆን አራት ነው፤ ቅምቡላው፣ አፍንጫው ላይ ተገጥሞ የሚያፈነዳው ፊውዝ፣ ከኋላው የሚገባው ባሩድ እና ባሩዱን የሚለኩሰው ካፕሱል። በክላሽ ጥይት እርሳሱ፣ ባሩዱና ካፕሱሉ በአንድ ቀለህ ታሽገው ይመጣሉ። እዚህ ግን አራቱ ከተለያየ ፋብሪካ፣ አንዳንዴም ከተለያየ ሀገር ነው የሚመጡት። ስለዚህ «50 ሺህ ቅምቡላ ተላከ» ሲባል ባሩዱስ ብሎ መጠየቅ የጋዜጠኛ ሥራ ነው። ባሩድ ያነሰው ቅምቡላ ወይ ቅርብ ይወድቃል፣ ወይ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል።

ክብደቱንም አስቡት። አንድ የተለመደ ቅምቡላ ከ43 እስከ 47 ኪሎ ይመዝናል፤ ስምንቱ በአንድ ፓሌት ይታሰራሉ፣ 360 ኪሎ ገደማ። ሺህ ቅምቡላ 125 ፓሌት፣ 45 ቶን ነው። ዘጠኝ ባለ 5 ቶን መኪና ሞልቶ ሲነሳ ባሩዱና ፊውዙ ገና አልተጫኑም። በ2023ቱ መልሶ ማጥቃት ዩክሬን በቀን 6,000 ገደማ ትተኩስ እንደነበር ተዘግቧል፤ በየቀኑ 54 መኪና ማለት ነው። ከጦርነቱ በፊት አሜሪካ በወር የምትሠራው 14,000 ገደማ ነበር። የወሩ ምርት የሁለት ቀን ተኩስ ከጥቂት ሰዓት ነው የሚሸፍነው።

«ታዲያ ፋብሪካው ለምን ፈረቃ አይጨምርም?» ለሚለው መልሱ ሂደቱ ውስጥ ነው። በፔንስልቬንያ፣ ስክራንተን በሚገኘው ፋብሪካ ስድስት ሜትር ገደማ የሚረዝም የብረት ዘንግ ይቆረጣል፣ እስከ 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይግላል፣ በከባድ ፕሬስ ተወግቶ እንደ ጠርሙስ ይሳባል። ከዚያ ይሞረዳል፣ አፍንጫው ይሾላል፣ ወገቡ ላይ የመዳብ ቀለበት ይታሰርለታል። ይህ ሁሉ አልፎ ዕቃው ገና ባዶ ነው። ወደ አዮዋ ተጭኖ ሄዶ የቀለጠ ፈንጂ ይሞላል፣ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል፣ በመጨረሻ ራጅ ይነሳል። ራጁ ለወግ አይደለም። ፈንጂ ሲረጋ ይኮማተራል፤ በውስጡ የአየር ኪስ ከቀረ፣ ቅምቡላው ሲተኮስ ከሚያገኘው ግፊት የተነሳ እዚያው አፈሙዝ ውስጥ ሊፈነዳና መድፉን የሚተኩሱትን ምድብተኞች ሊጨርስ ይችላል። ይህንን የሚያጣድፍ የለም።

ጥሬ ዕቃውም የራሱ ጣጣ አለው። አሜሪካ ቅምቡላ የሚሞላበትን ፈንጂ፣ ቲኤንቲን፣ በሀገሯ ማምረት ያቆመችው በ1986 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከውጭ ትገዛለች፣ ከሻጮቿም ዋናው በፖላንድ ቢድጎሽች ከተማ ያለ ፋብሪካ ነው። በኬንታኪ አዲስ ፋብሪካ ለመገንባት ውል የተፈረመው በኖቬምበር 2024 ነበር። ባሩዱ ደግሞ ናይትሮሴሉሎስ ይፈልጋል፤ ናይትሮሴሉሎስ በጥጥ ፍሬ ላይ የሚቀረውን አጭር ጭረት ይፈልጋል፤ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ይህንን ጭረት በብዛት የሚገዙት ከቻይና ነው። የኔቶ መድፍ በቻይና ጥጥ ይተኩሳል ብንል ብዙ አልዋሸንም። እንግዲህ የአውሮፓ ኅብረት በማርች 2023 «በአንድ ዓመት 1 ሚሊዮን ቅምቡላ» ብሎ ቃል ሲገባ ገንዘቡ ነበረ፤ ቀኑ ሲደርስ የቀረበው ግን ግማሽ ያህሉ ነው። በ2024 ቼኮች የተሠራ ቅምቡላ ያላቸውን የሌላ ሀገር መጋዘኖች እየዞሩ መግዛት የጀመሩት ለዚህ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው «155 የኔቶ መለኪያ ነው፣ ሁሉም ይገጥማል» የሚለው ነው። የአፈሙዙ ስፋት አንድ ነው፣ ሌላው አይደለም። የአሜሪካው ኤም-777 የአፈሙዝ ርዝመት 39 ካሊበር ነው፤ 39 ጊዜ 155 ሚሊ ሜትር፣ ስድስት ሜትር ገደማ። የጀርመኑ ፓንዘርሃውቢትዘ 2000፣ የፈረንሳዩ ሲዛር፣ የፖላንዱ ክራብና የስዊድኑ አርቸር 52 ካሊበር፣ ስምንት ሜትር ገደማ ናቸው። የባሩድ ክፍሉ በመጀመሪያው 18 ሊትር ገደማ ሲይዝ በኋለኞቹ 23 ሊትር ይይዛል። ባሩዱ በቁርጥራጭ ሲመጣ ለ39ኙ እስከ አምስት፣ ለ52ቱ እስከ ስድስት ይደረደራል። የአንዱን ሙሉ መጠን ለሌላው ማጉረስ አደጋ ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ የቅምቡላና የባሩድ ጥምረት የየራሱ የተኩስ ሠንጠረዥ አለው፤ በሌላ ሠንጠረዥ ያነጣጠረ መድፍ በመቶዎች ሜትር ይስታል፣ ያ ስህተት ደግሞ ወገን ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ይህ ለእኛ ሀገር ሰው እንግዳ አይደለም። በ1969 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካርተር መንግሥት ወታደራዊ እርዳታውን ሲያቆም፣ የኢትዮጵያ ጦር እጅ የነበረው 105 እና 155 ሚሊ ሜትር የአሜሪካ መድፍ ነበር። ከኅዳር 1970 ዓ.ም. ጀምሮ በአየርና በባሕር የገባው ደግሞ የሶቪየት 122 እና 130፣ ቢኤም-21 ሮኬት ተኳሽም አብሮ። አንዱ የሌላውን ቅምቡላ አይጎርስም። የማነጣጠሪያው ልኬት ራሱ ይለያል፤ አሜሪካኖቹ ክቡን ለ6,400 ሚል ሲከፍሉት ሶቪየቶቹ ለ6,000 ነው የሚከፍሉት። ያኔ ግን ብዙው መሣሪያ ከኩባ ምድብተኞች ጋር ነበር የተሰለፈው፤ በየካቲት 1970 ዓ.ም. ካራማራ ሲያዝና ጅጅጋ ስትመለስ የሠራው ይህ ቅንጅት ነው። ዩክሬን ያንኑ መንገድ በተቃራኒው፣ ከ122 እና 152 ወደ 155፣ ከ6,000 ወደ 6,400 እየሄደች ነው። የውጭ ምድብተኛ ግን የላትም። የመጀመሪያዎቹ መድፈኞቿ ኤም-777ን የተማሩት በ2022 በአንድ ሳምንት ገደማ ነው። ሩሲያ ከሰሜን ኮሪያ የወሰደችው 122 እና 152 ሚሊ ሜትር ቅምቡላ ግን ጥራቱ ቢለያይም መድፉን ሳይቀይር በቀጥታ ይጎረሳል። በገንዘብ ቢተመን ከምዕራቡ ድጋፍ ያንሳል፤ ግንባር ላይ የሠራው ግን ከዋጋው በላይ ነው።

አፈሙዙም ያልቃል። ይህንን በአንድም ዜናችሁ አላየንም። የኤም-777 አፈሙዝ 2,500 ገደማ ተኩስ እንዲችል ታስቦ የተሠራ ነው፤ ሩቅ ለመምታት ሙሉ ባሩድ በተደጋጋሚ ከተጎረሰ ቀድሞ ይበላል። ጠመዝማዛ ቦዮቹ ከሥሩ፣ ቅምቡላው ከሚጀምርበት ቦታ ነው መሸርሸር የሚጀምሩት። ጋዝ በዳር ያመልጣል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ቅምቡላው አጥሮና ተበታትኖ ይወድቃል። ከዚያ አንድ ምሽግ ለመምታት አምስት ይበቃ የነበረው አሥራ አምስት ይፈጃል። የተበላ አፈሙዝ የጥይት እጥረቱን ራሱ ያባብሰዋል ማለት ነው። መድፉ ሲተኮስ የአፈሙዙን ግፊት የሚያበርደው ማፈግፈጊያ የሚሠራው በዘይትና በናይትሮጅን ግፊት ስለሆነ አንዲት የምታፈስ ጎሚኒ መድፉን ታቆመዋለች። በ2022 መጨረሻ ከምዕራብ ከመጡት 350 ገደማ መድፎች ሲሶው በማንኛውም ጊዜ ከአገልግሎት ውጭ እንደነበር ተዘግቧል፤ ብዙዎቹ ለጥገና እስከ ፖላንድ ይጓዙ ነበር። ዴንማርክ ገንዘቧን በ2024 በቀጥታ ለዩክሬን ፋብሪካ ሰጥታ 18 ቦህዳና መድፍ ማሠራቷ የሚመሰገነው፣ ሠሪውና ጠጋኙ እዚያው ሀገር ውስጥ ስለሆኑ ነው።

ስለ ድሮን ብዙ ጽፋችኋልና አናራዝመውም። አንድ ነገር ብቻ፤ ትልቁ ጉዳቱ ታንክ ማቃጠሉ ሳይሆን መንገድ መዝጋቱ ነው። ከግንባሩ ወዲህ 10 እና 15 ኪሎ ሜትር ድረስ መኪና በቀን አይንቀሳቀስም። ያ 45 ቶን የመጨረሻውን መንገድ በሌሊት፣ በፒክአፕ፣ በባለ ጎማ ሮቦት ወይም በሰው ትከሻ ነው የሚጨርሰው፤ ቁስለኛም በዚያው መንገድ ነው የሚመለሰው። ሬዲዮ ማፈኛ ለተወሰነ ጊዜ ረድቶ ነበር። ከ2024 ጀምሮ ግን በቀጭን የፋይበር ገመድ የሚመሩ ድሮኖች መጡ። ገመዱ በ10 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይተረተራል፣ የሚታፈን ሬዲዮ የለውም። ጠላቱ የዛፍ ቅርንጫፍና የራሱ የጥቅሉ ክብደት ነው፤ ገመዱ በረዘመ ቁጥር የሚሸከመው ፈንጂ ያንሳል። «ድሮን መድፍን ተካ» የምትለው ዓረፍተ ነገርም ትታረም፤ ጭጋግና ኃይለኛ ነፋስ ሲሆን የሚተኩሰው መድፍና ሞርታር ነው።

ከ2025 አጋማሽ ወዲህ ደግሞ የአውሮፓ ሀገራት ከአሜሪካ ገዝተው የሚሰጡት ባለ 500 ሚሊዮን ዶላር ጥቅል መጥቷል። እሱንም በቁጥር መንዝሩት። አንድ የፓትሪዮት አየር መከላከያ ፓክ-3 ሚሳኤል 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ጥቅሉ ሁሉ ሚሳኤል ቢሆን 125 ይሆናል። ለአንድ ባለስቲክ ሚሳኤል አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ይተኮሳል። አሥር የሚወረወርበት ሌሊት 20 ይበላል፤ ስድስት እንዲህ ያለ ሌሊት ጥቅሉን ይጨርሰዋል። ፋብሪካው የዚህን ዓይነት በ2024 የሠራው 500፣ በ2025 620 ገደማ ነው፤ ያውም ለዩክሬን ብቻ ሳይሆን ለገዢው ሁሉ።

አንድ እርማት ቀርቶናል። ባለፈው እትማችሁ በውጭ ዜና ገጽ «ባለ 155 ሜትር መድፍ» ተብሎ ታትሟል። ሚሊ ሜትር ነው። የአፈሙዙ ስፋት አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም።

ከአክብሮት ጋር፣
ሁለት ጡረተኛ የመድፈኛ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ